ስህተት ያልኳቸው አምስት ቦታዎች

ጓደኛዬ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ለሳምንታት የደከመችበት ሥዕል መሆኑን አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጣቴን ከቀኙ ጥግ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ ቦታ ላይ አሳረፍኩና «እዚህ ጋ መስመሩ ስቶብሻል» አልኳት። ቀጠል አድርጌም «እዚህም» አልኩ።

አልተቆጣችም። «ተከትለኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምኑን?»

«መስመሩን።»

መልስ አልነበረኝም፤ ወደ ሌላ ጨዋታ አለፍን። ልሄድ ስነሳ ሥዕሉን ጠቅልላ ሰጠችኝና «ጊዜ ስታገኝ በጣትህ ተከተለው» አለችኝ። ወስጄ የመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጥኩት። ከአንድ ዓመት በላይ እዚያው ተጠቅልሎ ከረመ። ሥዕሉን ብረሳውም ጥያቄዋ ግን አልተወኝም። ሥራ ላይ እያለሁ፣ መንገድ ስሄድ፣ ሊተኛ የተዘጋጀ ሰው ሐሳቡ በሚበተንበት ሰዓት፣ «ተከትለኸዋል?» የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል። የወቀሳ ድምፅ ቢሆን ኖሮ መከላከያ አላጣለትም ነበር። እሷ ግን አልወቀሰችኝም፤ ጠየቀችኝ እንጂ።

ከተዘረጋ በኋላ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አወረድኩትና ዘረጋሁት። ጥቅልሉ ለምዶበት ጠርዙ እየተመለሰ አስቸገረኝ፤ በአራቱም ማዕዘን መጻሕፍት ጫንኩበት።

ሥዕሉ ወደ ጎን 36፣ ወደ ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀለሙ ጥቁር ብቻ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በሰያፍ እየወጣና እየወረደ የሚሄድ፣ ሁለት ጠርዙ በጥቁር የተሰመረ ቀጭን ነጭ ጥብጣብ ይታያል። ጥብጣቡ የሥዕሉ ድንበር ላይ ሲደርስ ለስለስ ብሎ ይታጠፍና ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሌላ ጥብጣብ ሲያጋጥመው አንዴ ከላይ ያልፋል፤ ቀጥሎ ሲያጋጥመው ከታች ይሾልካል፤ ከዚያ እንደገና ከላይ። አበባ የለበትም፤ ወፍ የለበትም፤ ፊደልም ሆነ የሰው መልክ የለበትም። ራቅ ብለው ሲያዩት እንደ ተጠረበ ድንጋይ ጸጥ ያለ ነው። ፊትን ሲያስጠጉበት ግን መላው ወረቀት ይንቀሳቀሳል። እያንዳንዱ መስቀለኛ ቦታ በራሱ አንድ ትንሽ ውሳኔ ነው፦ ማን ከላይ፣ ማን ከታች።

እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥዕል ፊት ስንቆም ብዙዎቻችን የምንለው ተመሳሳይ ነው። «ትዕግሥቷ!» እንላለን፤ ወይም «ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» ብለን እንጠይቃለን። ምስጋና ነው፤ ነገር ግን ምስጋናው ለሥዕሉ አይደለም፤ ለድካሙ ነው። እንጨት የፈለጠንም ሰው በዚሁ ቃል ማመስገን ይቻላል። ሁለተኛው የእኔ ዓይነቱ ነው፤ ሥርዓት ያለው ነገር ሲያይ ሥርዓቱ የተጣሰበትን የሚያድን። ይህ አስተያየት ጠንቃቃ ይመስላል፤ ባለቤቱም ከሌላው ሰው ይበልጥ ያየ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የተሰማኝ። ለጓደኛዬ ትኩረቴን የሰጠኋት መስሎኝ ነበር።

የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ አልፍሬድ ያርቡስ ሥዕል የሚመለከቱ ሰዎችን የዐይን እንቅስቃሴ መዝግቦ ነበር። ያው ሰው፣ ያንኑ ሥዕል እያየ፣ የተጠየቀው ጥያቄ ሲለወጥ የዐይኑ መንገድም አብሮ ይለወጣል። የሰዎቹን ዕድሜ ገምት ሲባል ዐይኑ ፊታቸው ላይ ይመላለሳል፤ ሌላ ነገር ሲጠየቅ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህን ካነበብኩ ቆየት ብሏል፤ በራሴ ላይ የሠራው ግን በዚያ ቅዳሜ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ «ስህተቱ የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይዤ ነበር የመጣሁት። ዐይኔም የታዘዘውን አገኘ።

ጣትና ዐይን

በዐይኔ ልከተል ሞከርኩ። አይቻልም። ሰባት ስምንት መስቀለኛ ከተሻገርኩ በኋላ የትኛው ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ምክንያቱ የእኔ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ዐይን በቆመ መስመር ላይ እየተንሸራተተ አይሄድም። ከነጥብ ወደ ነጥብ ይዘላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን እንደ ዋዛ ያልፈዋል። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲሰጠው ግን ሳይዘል ይከተላል። ለዚህ ነው ጣት ያስፈለገው። ጣት ሲሄድ ዐይን የሚከተለው አካል ያገኛል። «በጣትህ ተከተለው» ያለችኝ እንዲያው ለወጉ አልነበረም።

ዋናውን ማበላሸት ስላልፈለግሁ ሁለት ፎቶ ኮፒ አስነሣሁ። በአንደኛው ላይ ቀይ የቀለም እርሳስ ይዤ ከግራው የታች ጥግ ተነሣሁ። ያገኘሁትን የመጀመሪያ ፍንጭ እዚህ ላይ ልናገር፤ ዋናው ወረቀት ላይ፣ በዚያ ጥግ፣ በደንብ ሲያተኩሩበት ብቻ የሚታይ የእርሳስ ነጥብ አለ። በላጲስ ያልጠፋች አንዲት ነጥብ። ጥብጣቡ የሚዞረው እሷን ነው። ከሷ ቀጥሎም ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቆ ጥብጣቡ የሚዞረው ሌላ ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያም ሌላ። ቆጠርኳቸው። ወደ ላይ 12፣ ወደ ጎን 18። በሥዕሉ ሥር 216 ነጥቦች ተደርድረው ነበር ማለት ነው፤ ከአንዷ በስተቀር ሁሉም ጠፍተዋል።

ቀዩ መስመር ጉዞ ጀመረ። ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ፣ ከታች። ድንበር ላይ ታጠፈ፤ ተመለሰ። ከዚያ «ስተሻል» ካልኳቸው ቦታዎች በአንዱ ላይ ደረስኩ። እዚያ ሁለት ጥብጣቦች ፊት ለፊት ይመጣሉ፤ እንደሌሎቹ መተላለፍ ሲገባቸው ሁለቱም ተጠምዝዘው ይመለሳሉ። ሥርዓቱ ገብቶኛልና አልተጠራጠርኩም። ለእሷ አርሜላት ቀዩን ቀጥ አድርጌ አሳለፍኩት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን ያን ጊዜ የፈሰሰብኝ ነገር መኖሩን እንኳ አላወቅሁም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ቀዩ ሁለት ሜትር ያህል ተጉዞ ከተነሣበት ቦታ ደረሰና ተዘጋ። ወረቀቱ አብዛኛው ነጭ ነው። ሰማያዊ አነሣሁ፤ እሱም ሁለት ሜትር ያህል ሄዶ ተዘጋ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ሐምራዊ። በስድስተኛው ወረቀቱ ሞላ። በመንገዴ ላይ አምስት ቦታ «አርሜያለሁ»። ስድስት ቀለማት፣ ርዝመታቸው እኩል፣ እርስ በርስ ተጠላልፈው፣ ግራና ቀኙ ተመጣጥኖ። እውነቱን ለመናገር እጅግ ያምር ነበር። የሥዕሉን ምሥጢር ያገኘሁ መሰለኝ፦ ስድስት ቀለበቶች። በልቤም «እነዚያ አምስት ስህተቶች ባይኖሩ ኖሮ ፍጹም ነበር» አልኩ።

እርሳሴን አስቀምጬ ልነሣ ስል ሁለተኛው ኮፒ ዐይኔ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ጥያቄዋ እንደገና መጣ። ተከትለኸዋል? ስድስቱን ቀለማት አየኋቸው። አልተከተልኩትም። አምስት ጊዜ መስመሩ ወደ አንድ በኩል ሄዶ እኔ ወደ ሌላ በኩል ሄጃለሁ።

ሁለተኛውን ኮፒ ሳብኩና ቀዩን ብቻ ይዤ ከዚያችው ነጥብ ጀመርኩ። በዚህኛው ምንም ላላርም ከራሴ ጋር ተስማማሁ። የመጀመሪያው «ስህተት» ላይ ስደርስ እጄ ቀጥ ብሎ ማለፍ ፈልጎ ነበር፤ አስገድጄ ከመስመሩ ጋር አዞርኩት። ቀዩ ገብቶበት ወደማያውቅ ክፍል ገባ። በፊተኛው ወረቀት ሰማያዊ በነበረው መንገድ መጓዝ ጀመረ። ሌላ መታጠፊያ ደረሰ፤ አሁን አረንጓዴ በነበረው ላይ ነው። ሁለት ሜትር አለፈ፤ አልተዘጋም። አራት ሜትር። መሸብኝና መብራት አበራሁ። እርሳሱን ሁለት ጊዜ ቀረጽኩት። ቀደም ሲል በሄድኩበት መስመር አጠገብ በተቃራኒ አቅጣጫ እየመጣሁ፣ የራሴን አሮጌ ቀይ እየተሻገርኩ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች። ወደ መጨረሻው ላይ ያልተቀባ ቦታ እያነሰ ሲሄድ ልቤ መምታት ጀመረ፤ ምን እንደሚሆን አውቄዋለሁና። ወደ 12 ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ቀዩ ከግራው የታች ጥግ መጣ፣ ነጥቧን ዞረ፣ ከራሱ ጋር ተገናኘ። ወረቀቱ ላይ አንድም ነጭ ጥብጣብ አልቀረም።

አንድ መስመር ነበር። ስህተት ያልኳቸው አምስቱ ቦታዎች ደግሞ አንድ ያደረጉት ናቸው።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። በቀለማት ያሸበረቀው የእኔ እርማት ነው። ቀዩ የእሷ ሥራ ነው።

አንድ ዓምድ

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እርሳስና ላጲስ ይዤ እኔም መሣል ጀመርኩ። ማንም ሊሞክረው ይችላል። ነጥቦችን በረድፍና በዓምድ ደርድሩ፤ ዙሪያውን በግድግዳ አጥሩት። በነጥቦቹ መካከል በ45 ዲግሪ የምትሄድ፣ ግድግዳ ስትነካ እንደ ኳስ የምትነጥር መስመር አስነሡ። ሦስት በአራት ብታደርጉት አንዲት መስመር ሁሉንም ነጥብ አዳርሳ ትመለሳለች። አራት በስድስት ካደረጋችሁት ግን ሁለት መስመር ያስፈልጋል። አምስት በአምስት አምስት ይፈልጋል። ቁጥሩን የሚወስነው ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርነው ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። የ12 እና የ18 ትልቁ የጋራ አካፋይ ደግሞ ስድስት ነው። ስድስቱ ቀለሞቼ ከዚያ የመጡ ናቸው።

አሁን ወደ አምስቱ። ሁለት የተለያዩ መስመሮች የሚተላለፉበትን አንድ መስቀለኛ መርጣችሁ፣ በመካከሉ ትንሽ ግድግዳ አቁሙ። ሁለቱ መስመሮች ሳይተላለፉ ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ግን አንዱ የሌላውን መንገድ ይይዛል፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ የእነዚህ ድሮች ማበር ግን በመተላለፍ አልነበረም። ቀጥ ብለው ሲያልፉ እንደተለያዩ ይቀራሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ተጋጥመው ሲመለሱ ይዋሃዳሉ። ስድስቱን አንድ ለማድረግ ቢያንስ አምስት ግድግዳ ያስፈልጋል። እሷ ከአምስት አላሳለፈችም። በ12 በ18 ሥዕል ውስጥ 402 መስቀለኛ ቦታዎች አሉ፤ አምስቱን ብቻ ነካች፤ 397ቱ እንዳሉ ናቸው።

ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። መስመር ራሱን የሚሻገርበት መስቀለኛ ላይ ግድግዳ ካቆማችሁ አደገኛ ነው፤ ግድግዳው በአንደኛው አቅጣጫ ሲቆም መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ በሌላኛው ሲቆም አንድ እንደሆነ ይቆያል። አራት በስድስት ላይ ይህን ለመለየት ስንት ወረቀት እንዳጠፋሁ አልቆጠርኩም። እሷ በ402 መካከል ነው የመረጠችው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ዓምድ ብትቀንስ ኖሮ፣ 12 በ17 ብታደርገው፣ ሁለቱን የሚያካፍል የጋራ ቁጥር ከአንድ በቀር የለምና፣ አንዱ መስመር ያለ ምንም ግድግዳ በራሱ ይመጣላት ነበር። ይህን ሳታውቅ ቀርታ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ለምን 18?

ቀደም ብለው የተከተሉት

ሰው በአንድ መስመር ሲማረክ እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ጣሊያናዊ ጆርጆ ቫዛሪ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሲጽፍ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊከተሉት የሚቻል፣ ክብ የሚሞላ የገመድ ጥልፍልፍ በመሣል ጊዜውን እንዳባከነ ይናገራል። አባከነ! ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬሽት ዱረር ግን ብክነት አልመሰለውም፤ ከእነዚያ ጥልፍልፎች ተነሥቶ ስድስቱን በእንጨት ቅርጽ አትሟቸዋል። ቫዛሪ የማያደንቀውን ነገር እንኳ በትክክል ገልጾታል፤ «ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊከተሉት የሚቻል» ሲል ቁልፉን ሰጥቶናል።

በምሥራቅ አንጎላና በአጎራባቹ አገሮች የሚኖሩት ቾክዌዎች ደግሞ ይህንን በአሸዋ ላይ ያደርጉታል። ሶና ይባላል። አዋቂው አሸዋውን በእጁ ያስተካክላል፤ በጣቶቹ ጫፍ ነጥቦችን ይደረድራል፤ ከዚያ ታሪክ እየተረከ በነጥቦቹ መካከል መስመሩን ይስባል። ብዙዎቹ ሥዕሎች በአንድ መስመር የሚያልቁ ናቸው። ጣቱ መሐል ላይ ካመነታ ወይም ከቆመ ያለማወቅ ምልክት ነው። በሞዛምቢክ የኖረው የሒሳብ ሊቅ ፓውሉስ ገርደስ (1952–2014) እነዚህን ሥዕሎች ለዓመታት አጥንቶ የጋራ አካፋዩ ሕግ ውስጣቸው እንዳለ አሳይቷል። ዩኔስኮም ሶናን በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። እኔን የያዘኝ ታሪኩ ከመስመሩ እኩል መሄዱ ነው። አድማጩ ሥዕሉን ካለቀ በኋላ ተጠቅልሎ አይቀበለውም። ሲሠራ ይከተለዋል። እንደኔ ባለ ሰው እጅ ሶና ቢወድቅ፣ ታሪኩ ሳይጀመር «እዚህ ጋ ነጥብ ጎድሏል» ሳልል አልቀርም ነበር።

በኮምፒውተር ስለሚሠሩትም አንድ ነገር ልበል፤ «ይህንን እኮ ማሽን ይሠራዋል» የሚለኝ ሰው አልጠፋም። ሠዓሊዋ ቬራ ሞልናር ከ1968 ጀምራ በኮምፒውተርና ብዕር በሚይዝ ማሽን የጂኦሜትሪ ሥዕሎችን ስትሠራ ኖራ በ2023 አርፋለች። ማሽኑ አራት ማዕዘኖችን ያለ እንከን ሊደረድርላት ይችል ነበር። እሷ ግን አንድ በመቶ ሥርዓት አልባነት ታስገባበት ነበር። ማሽን መስመር መሳል ይችላል፤ የትኛው ቦታ ላይ ከሥርዓቱ መውጣት እንደሚገባ የወሰነችው ግን ሴትዮዋ ናት።

ስልክ

ሁለቱን ባለ ቀለም ወረቀቶች ፊቴ አስቀምጬ ደወልኩላት። ከዓመት በላይ ዘግይቼ «ተከተልኩት» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ስድስት። ቀጥሎ አንድ።»

ሳቋ ደስ ይላል፤ በስልኩ ውስጥ ሞቅ ብሎ ተሰማኝ። ስድስቱን ቀለማት እንዴት እንዳገኘሁ፣ አምስት ቦታ እንዳረምኩባት ሁሉንም ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔ መጀመሪያ ንድፉን ስሠራ ስድስቱን አይቻቸዋለሁ፤ ያምራሉ አይደል?» አለችኝ። እንደሚያምሩ ተስማማሁ።

«ታዲያ ለምን 17 አላደረግሽውም?» ስል ጠየቅኋት። «አንድ ዓምድ ነው። በራሱ አንድ ይሆንልሽ ነበር።»

«በራሱ አንድ ከሆነማ እኔ ምን እሠራለሁ?» አለች።

ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም። ቀዩን ወረቀት እያየሁ ነበር። ከዚያ የልቤን አነሣሁላት። በግራው የታች ጥግ ስላለችው የእርሳስ ነጥብ፤ ሆን ብላ ለሚከተል ሰው የተወችው በር እንደሆነች፣ 215ቱን አጥፍታ አንዷን ያስቀረችው ሥዕሉን የሚጀምርበት ቦታ እንዲያገኝ መሆኑ እንደገባኝ ነገርኳት። አሁን ምንም ነገር በአጋጣሚ የተቀመጠ አይመስለኝም ነበር።

«የቷ ነጥብ?» አለችኝ።

«የእርሳሷ። ከጥጉ።»

«አለች እንዴ? እሷን እንኳ እውነትም ረስቻት ነው» አለች። «ላጲስ ካለህ አጥፋት።»

ሥዕሉን አሁን መስታወት አስገብቼ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ነጥቧን አላጠፋኋትም።